በሞቴ፣ እኔ ልክፈል!

በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር እኔና ሦስት ባልንጀሮቼ፣ ማለትም አንድ መሐንዲስ፣ አንድ የባንክ ባለሙያና ከሜሪላንድ መጥቶ የተቀላቀለን አብሮ አደጋችን፣ ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን ባንኮክን፣ ሆንግ ኮንግንና ቶኪዮን ለማየት ተነሣን። ወጪ ለመቆጠብ ስንል ስምንት ሰው በተደራራቢ አልጋ በሚያድርበት ክፍል ልናድር፣ መንገድ ዳር ልንበላና ታክሲን ትተን በጀልባና በባቡር ልንሄድ ተስማማን። ያልተስማማነው ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ብቻ ነው፤ አራታችንም «እኔ ነኝ» ባዮች ነበርንና።

ነገሩ የጀመረው ባንኮክ፣ ቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ ነው። ብርቱካናማ ባንዲራ የሚያውለበልበው ጀልባ ያን ጊዜ ለአንድ ሰው ያስከፍል የነበረው 16 ባት ሲሆን፣ ትኬት ቆራጯ የሳንቲም መያዣዋን ቆርቆሮ እያንኳኳች በተሳፋሪው መካከል ትዘዋወራለች። እኛ ዘንድ ስትደርስ አራት እጆች በአንድ ጊዜ ተዘርግተው፣ አንዱ የሌላውን ክንድ እየገፋ «እኔ እያለሁ!»፣ «በሞቴ!»፣ «አፈር ስሆን!» ስንባባል፣ ሴትዮዋ ጠብ የተነሣ መስሏት ቆርቆሮዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ይህ ሁሉ ሞትና አፈር የተጠራው ለ64 ባት መሆኑን ልብ ይሏል። በግርግሩ መካከል ማን እንደከፈለ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ማታ ያዋራት ጎዳና አጠገብ እራት በልተን ሳንጨርስ የባንክ ባለሙያው «እጄን ታጥቤ ልምጣ» ብሎ ተነሣ። የአዲስ አበባ ልጅ በምግብ መጨረሻ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያጣዋል? ደረሰኙን ይዞ በድል አድራጊነት ሲመለስ፣ የተቀደመው የሜሪላንዱ ወዳጃችን ደረሰኙ ላይ 2567 የሚል ዓመት አየ፤ ታይላንዶች የሚቆጥሩት በቡድሃ ዘመን ነውና። «እኛ ገና 2016 ላይ ነን፤ ይህ ሒሳብ የሚደርሰው ከ551 ዓመት በኋላ ስለሆነ ገንዘብህን ተቀበል» ሲል አጥብቆ ተሟገተ።

ሆንግ ኮንግ ግን ለይሉኝታ የተሠራች ከተማ አይደለችም። ለባቡሩ ሁሉም የየራሱን ኦክቶፐስ የሚባል የክፍያ ካርድ ይዞ ይገባል። የባንክ ባለሙያው የአራታችንን በአንድ ካርድ ሊከፍል ወስኖ፣ እንደ ወጉ «አንተ ቅደም» ብሎ እኔን አስገባና ካርዱን ደግሞ ቢያስነካው መግቢያው ጮኸበት። ከኋላው ሰልፉ ሲረዝም፣ ጋባዡ ከውጭ፣ ተጋባዡ ከውስጥ ሆነን በብረቱ በላይ ተያየን።

ቶኪዮ ላይ ደግሞ እጅ መታጠቡም አልሠራም፤ በሺንጁኩ ሰፈር የገባንበት የራመን (የጃፓን የኑድል ሾርባ) ቤት ገንዘቡን የሚቀበለው ገና ሳይበላ፣ በር ላይ በቆመ ማሽን ነው። መሐንዲሱ ሁላችንንም ቀድሞ ሮጦ የ10,000 የን ኖት ቢያስገባ፣ ባለ 1,000 ብቻ የለመደው ማሽን አውጥቶ መለሰለት። ደጋግሞ አስገባ፤ ደጋግሞ ተፋበት። ማሽን በሞቴ አይባልም።

በመጨረሻው ሌሊት ከበላዬ የተኛው የባንክ ባለሙያ ሲገላበጥ ትንሽ ደብተሩ ፊቴ ላይ ወደቀች። የሰው ጽሑፍ ማንበብ ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ዳሩ ግን ተከፍታ ነው የወደቀችው። በስሜ ሥር የመጀመሪያው መስመር «ጀልባ፣ 16 ባት፣ ያልተመለሰ» ይላል። ይህ ፍጹም ስሕተት ነው፤ ያን ቀን 64ቱንም ባት የከፈልሁት እኔ ነኝ፤ በስልኬ ላይ የእያንዳንዳቸውን ዕዳ መዝግቤ ይዣለሁ።