ፍሪሲዮኑ ነው

ማክሰኞ ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ መኪናዬ አንደኛ ማርሽ አልቀበልም አለች። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ትንፋሽ እንደ ምድጃ ይጨሳል። ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን እስከ ወለሉ ረግጬ ማርሹን ስገፋው ካምቢዮው (የማርሹ ሳጥን) «ግርርር» ብሎ ተቆጣኝ። መስኮት ሳላወርድ አራት ሰው ከበበኝ።

«ፍሪሲዮኑ ነው» አለ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው። «ሸራው አልቋል፤ ካምቢዮው ይውረድ።» ቆሎ የሚሸጠው ልጅ ተስማማ። ሦስተኛው «ባትሪውስ?» ሲል ጠየቀ። አራተኛው ቃል አልተነፈሰም፤ የፊት ጎማዬን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ኮፈኑን ክፈት ያለኝ ግን አንድም የለም።

ፍሪሲዮን እኮ አንድ በሽታ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ሸራው፣ ያ የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክብ ሰሌዳ፣ ሲያልቅ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ይለግማል፤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ደግሞ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። የእኔ ተቃራኒው ነው፦ ተረግጦም አልላቀቅ ያለ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው የፔዳሉን ግፊት ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሰው ዘይት ነው፤ ጎድሎ ይሆናል፣ አየር ገብቶበት ይሆናል፣ ዘይቱን የሚገፋው ፖምፓ እያፈሰሰ ይሆናል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ጥርጣሬው ፔዳሉ ሲረገጥ ፍሪሲዮኑን ወደሚገፋው ተሽከርካሪ ቀለበት፣ ወደ ኩሽኔታው ነው። ሸራውን የጠረጠረ ሰው ደግሞ ሜዳ ላይ ሞተሩን አስነስቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፔዳሉን ቀስ እያለ ይልቀቅ። ሞተሩ ቀጥ ካለ ሸራው ጤነኛ ነው፤ እየጮኸ ከቀጠለ እየተንሸራተተ ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ማን ይሞክራል? መሞከር ያላዋቂ ሥራ ነው!

ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፖምፓ፣ ኮፈን... ሁሉም ጣሊያን ናቸው። የጣርማ በርን ዋሻም የፈለፈለው እሱ ነው። ራስ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸው በእነዚሁ የሸዋ ተራሮች አምስት ዓመት ተዋጉ፤ ጣሊያንም በ1933 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። ከኮፈን ስር ግን እስከ ዛሬ ያስወጣው የለም።

ስለ ተራራ ካነሳሁ የባለቤቴን ወንድም ሳላነሳ አላልፍም። የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር «ለሰርግ ነው፣ አንኮበር ደርሼ ልመለስ» ብሎ መኪናዬን ወሰደ። ለካ አንኮበር ዳገት ላይ ከሚዜዎቹ ጋር ወሬ ሲጠርቅ፣ የእጅ ፍሬን የሚባል ነገር እንዳልተፈጠረ፣ በግማሽ ፍሪሲዮንና በነዳጅ አንጠልጥሎ ነበር የሚያቆማት። ሲመልሳት «ትንሽ ሸተተች እንጂ ምንም አልሆነችም» አለኝ። የሸተተው ደመወዜ ነበር።

ያኔ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው እጁ ፈጣን ነው፤ ከሰዓት በኋላ አስረከበኝ። ሸራውን ቀይሯል፤ ኩሽኔታውን ግን «ገና ነው ጋሼ፣ ይሠራል» ብሎ አሮጌውን መልሶታል። አያቴ ጫማዬን ሳላስር ስሮጥ ባየች ቁጥር «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትለኝ ነበር፤ ይህን ተረት እወደዋለሁ፣ ያን ቀን ግን ረሳሁት። ሁለት ወር ሳይሞላ ኩሽኔታው እንደ ፌንጣ ይጮህ ጀመር። ካምቢዮው እንደገና ወረደ፣ የእጅ ዋጋ እንደገና ተከፈለ፤ ሁለት የሰቡ የመንዝ በጎች ሄዱ። ይኼ ቀልድ አይደለም። ትልቁ ወጪ እኮ ካምቢዮውን አውርዶ መስቀሉ ነው፤ አንዴ ከወረደ ሸራውም፣ ሸራውን የሚጫነው ሰሃንም፣ ኩሽኔታውም አብረው ይቀየራሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው «ገና ነው» ሲለኝ እያሞኘኝ ነው። የባለቤቴ ወንድም እስከ ዛሬ አንድ በግ አላመጣም፤ ለፋሲካ መጥቶ የእኔኑ በልቶ ሄደ።

ብቻ... ማክሰኞ። ኮፈኑን ራሴ ከፈትኩት። የፍሪሲዮን ዘይት መያዣዋ ባዶ ልትሆን ምንም አልቀራት፤ የታችኛው ፖምፓ ላይ የረጠበ ነገር ይታያል። ከአጠገባችን ካለው ሱቅ ለፍሪሲዮኑም የሚሆነውን የፍሬን ዘይት ገዝቼ ሞላሁ፣ ደጋግሜ ረገጥኩ፤ ማርሹ እያጉረመረመም ቢሆን ገባ።

«አላልኩህም?» አለ ባለጋቢው። «ፍሪሲዮኑ ነው!»

ምን ልበለው? የፖምፓውን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎማ) ላስቀይር ቀስ እያልኩ ወደ ሰፈራችን ጋራዥ ነዳኋት። ጎሚኒው ካምቢዮ ሳይነካ ከውጭ የሚሠራ ነው። አንድ ወጣት ወጣ፤ «ፍሪሲዮን...» ከማለቴ ቃሌን ሳያስጨርሰኝ ትልቁን ክሪክ ጎትቶ ከመኪናዬ ሆድ ስር ከተተው።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ይስጡኝ፤ ካምቢዮው ይወርዳል።»