ጭቃውን ከቦይ አውጥተን ቦይ ዳር ለምንከምር

የደሴና የኮምቦልቻ ወገኖቼ ሆይ፣ ክረምት ሊገባ ሲል በየሰፈራችን የምናደርገውን ታውቁታላችሁ። አካፋና ዶማ ይዘን እንወጣለን፤ ጥቁሩን ጭቃና ከላዩ እንደ ፀጉር ተንዠርጎ የበቀለውን አረንጓዴ የውሃ ሽበት ከጎርፍ መውረጃው ቦይ እየዛቅን እዚያው ቦይ ዳር እንከምረዋለን፤ ከዚያም እጃችንን ታጥበን፣ ቡና ጠጥተን እንበተናለን። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሲጥል ክምሩ ወደ ወጣበት ይመለሳል። ይህን ውሃ ወቀጣ በየዓመቱ እየደገምን ሰፈራችንን አጸዳን ማለታችን ያሳፍረኛል፤ እኔም ከዛቂዎቹ አንዱ ነኝና።

ነገሩን ያነሣሁት አንዳንዶቻችሁ “አልጌ ፍሳሽ ያጸዳል፣ የቦርከና ወንዝም በእሱ ይጸዳል” እያላችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ስትቀመጡ ስላየሁ ነው። አባባሉ ሐሰት የለበትም። አልጌ የሚባለው ያው የምንጸየፈው የውሃ ሽበትና ዓይን የማያየው ደቂቅ ዘመዱ ሲሆን፣ ከሽንት፣ ከሳሙና እጣቢና ከማሳ ታጥቦ ከሚመጣ ማዳበሪያ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በፀሐይ ብርሃን እየታገዘ የራሱ አካል ያደርገዋል፤ ቀን ቀን የሚያወጣው ኦክስጅን ደግሞ ቆሻሻውን ለሚያብላሉ ባክቴሪያዎች ይተርፋቸዋል። ዊልያም ኦስዋልድ የተባለ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይህን ጠባይ አጥንቶ፣ ጥልቀታቸው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ውሃው በመቅዘፊያ ቀስ እያለ የሚዞርባቸው የፍሳሽ ኩሬዎች እንዲስፋፉ አድርጓል። በዚያው አቆጣጠር በ1980ዎቹ ደግሞ ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ሊቅ ዋልተር አዲ ውሃውን በጥቂቱ ባዘነበለ ወለል ላይ በተዘረጋ መረብ እያሳለፈ፣ መረቡን ይዞ የሚያድገውን አልጌ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ የሚፍቅበትን ዘዴ አወጣ።

እንግዲህ መፋቁን አትለፉት። ፎስፈረስ እንደ እንፋሎት በኖ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ አልጌው ከውሃው ወስዶ በራሱ ውስጥ ያስቀምጠዋል እንጂ አያጠፋውም። አልጌው ሳይለቀም ከሞተ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም የበላውን ሁሉ ለውሃው ይመልሳል፤ ከዚህም በላይ ለዓሣውና ለሌላው ፍጥረት የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ይጨርሳል። አልጌ በደረቁ ሲመዘን ከመቶው አንድ እጅ ገደማው ፎስፈረስ ነው፤ ስለዚህ ከወንዙ 1 ኪሎ ፎስፈረስ ማውጣት የፈለገ ሰው 100 ኪሎ ያህል ደረቅ አልጌ አውጥቶ ራቅ ወዳለ ቦታ ማጓጓዝ ግድ ይሆንበታል። ቦይ ዳር የከመርነው ጭቃና ኩሬ ውስጥ የተተወ አልጌ አንድ ናቸው።

በኩሬ ውስጥ የሚንሳፈፈው ደቂቁ አልጌ ለመልቀም አስቸጋሪ ነው፤ ወጪውም የሚበዛው እዚያ ላይ ነው። ለጥ ባለውና ሞቅ በሚለው የኮምቦልቻ ሜዳ ኩሬ ቢሞከር አልቃወምም፤ ቁልቁለት ለማይቸግራት ለደሴ ግን፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ በአካፋ ሊፋቅ የሚችለው የመረቡ ዘዴ ይሻላል። ነገር ግን ሁለቱም ፀሐይ ይሻሉ። በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ጠቁሮ በሚሰነብትበት ጊዜ አልጌው ይለግማል፤ ጎርፉ የሚበረታውም በዚያው ወቅት ነው። በመሆኑም የሽንት ቤት ፍሳሽ ከጎርፉ ጋር ተደባልቆ እንዲወርድ እያደረግን አልጌ ይጠብቀናል ማለት ራስን ማታለል ነው።

ዝናቡን ተገን አድርጋችሁ የሞላ የሽንት ቤት ጉድጓድ በሌሊት ወደ ቦይ የምትለቁ ወገኖቼ፣ ፍሳሽ መጣጭ መኪና ለመጥራት የሰሰታችሁትን ገንዘብ ከታች ያለው ሰው በጤናው እንደሚከፍለው ታውቃላችሁ። ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን ወደሚያሰማራበት ወደ ጨፋ ረግረግ ይገባል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ያመራል። ፋብሪካዎችን ማውገዝ ይቀናናል፤ መወቀስ የሚገባው ይወቀስ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን ግን ልብ እንበል። የፋብሪካ ፍሳሽ ሌላም ጣጣ አለው፤ አልጌ እንደ ክሮም ያለውን የቆዳ ማልፊያ ብረት ጭምር ስለሚይዝ፣ ከእንዲህ ያለ ውሃ የተለቀመውን ለከብት መኖ ወይም ለጓሮ አትክልት ማዳበሪያ አድርጋችሁ እንዳትሰጡ።

የእኔ ቤት የልብስ እጣቢ ለብዙ ዓመታት በአንዲት ቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ጎርፉ ቦይ ይፈስ ነበር፤ ከቱቦዋ አፍ በታች ያለችው አንድ ክንድ የምታህል ቦታም ከቦዩ ሁሉ ይበልጥ ለምልማ ትታይ ነበር። ስንት ጊዜ ዝቄአት ቱቦውን ቀና ብዬ አላየሁትም። አሁን ቱቦውን ደፍኜ ግቢዬ ውስጥ ማስረጊያ ጉድጓድ ቆፍሬአለሁ። ከእኔ ቤት በታች በዚያው ቦይ ላይ አራት ቱቦዎች አሁንም ያፈሳሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ለሚቀጥለው ጽዳት አካፋ ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል። አካፋውን ከቤት ትታችሁ ቱቦውን ደፍናችሁ ኑ፤ የምንዝቀውን በዚያው ቀን የሚያነሣ ጋሪ ደግሞ በጋራ እንከራያለን።