ሽልማቱ ለግጥሟ ነው ወይስ ለመታገዷ?

ነገሩን የለኮሰው ጋዜጠኛው ነው። ሩማንያዊቷ ገጣሚ አና ብላንዲያና በ2024 የስፔኑን የአስቱሪያስ ልዕልት የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ማግኘቷን አነሳና፣ «እስቲ እውነቱን እናውራ፤ አምባገነኑ ቻውሼስኩ ባያግዳት ኖሮ ማን ያውቃት ነበር?» አለ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) አቦሉ ገና አልተቀዳም ነበር።

የሥነ ጽሑፍ መምህሯ ጓደኛችን አላስጨረሰችውም። «በ1982 የሄርደርን ሽልማት ስታገኝ'ኮ መጽሐፎቿ በየመደብሩ ነበሩ።»

«ይኸው! እኔም የምለው እሱን ነው» አለ። «ከ1964 ጀምሮ እያሳተመች፣ አሜሪካ ድረስ እየሄደች የኖረች ሰው ናት። ሌላው እስር ቤት ሲበሰብስ እሷ ሽልማት ትቀበል ነበር። ዛሬ ተነስታችሁ ጀግና ታደርጓታላችሁ።»

«ሲጀመር መች በነፃነት ጀመረች?» አለችው መምህሯ። «እውነተኛ ስሟ ኦቲሊያ ቫሌሪያ ኮማን ነው። አባቷ የኦርቶዶክስ ቄስ፣ የፖለቲካ እስረኛ። በ1959 ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሆና የእናቷን የትውልድ መንደር ስም የብዕር ስም አደረገችና ክሉዥ ከተማ ለሚታተመው ትሪቡና መጽሔት ግጥም ላከች። ወጣላት። ከዚያ ግን "የሕዝብ ጠላት ልጅ" መሆኗ ተደረሰበት። ለየጋዜጣው መመሪያ ወረደ፤ የዚችን ልጅ ጽሑፍ እንዳታወጡ። ዩኒቨርሲቲም በሩ ተዘጋባት። ለዓመታት! አባቷ በ1964 በምሕረት ተፈቱ፤ ብዙም ሳይቆዩ በአደጋ ሞቱ። የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው በዚያው ዓመት ነው። አንተ የምታወራው ከዚያ ወዲህ ያለውን ነው።»

ጋዜጠኛው ትከሻውን ነቀነቀ። ጋሼ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ነበር። በ80ዎቹ ቡካሬስት የተማሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚያ ዘመን ግን ካልጠየቋቸው አያወሩም።

«ግጥሙን አንብበኸዋል?» አሉት ቀስ ብለው።

«የትኛውን ጋሼ?»

«"ሁሉም ነገር" የሚለውን።»

አላነበበውም። እሳቸው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩ። ቻውሼስኩ የውጭ ዕዳዬን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም እከፍላለሁ ብሎ የአገሩን ምግብ ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ክረምት ላይ እነ ጋሼ ከብርዱ የተነሳ ካፖርት ለብሰው ነው የሚያጠኑት። ቴሌቪዥን በቀን ሁለት ሰዓት ቢኖር ነው፤ እሱም አብዛኛው ስለ መሪው። «እንግዲህ በ1984 መጨረሻ አምፊቴያትሩ የሚባል የተማሪዎች መጽሔት አራት ግጥሞቿን አወጣ። ይሄ አንዱ ነው። ስታየው ግጥም አይመስልም። የአስቤዛ ወረቀት ነው የሚመስለው።»

በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩን። ቅጠል። እንባ። የጣሳ ምግብ። የዱቄት ሰልፍ። ነቀዝ። አንዳንዴ ብቅ የሚል ትራም። ጋዝ የተሸከመ አውቶቡስ። የውጭ ገበያ የመለሰው ፖም። የአውሮፕላን ማረፊያ አቀባበል። የቡና ምትክ። ሐሜት። ቀልድ። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ነገር። «በቃ፣ ይኸው ነው። መጽሔቱ ተሰብስቦ ተወሰደ። ሰው ግን በእጁ እየገለበጠ ተቀባበለው። በእጁ የሆነው ለምን መሰለህ? ከ1983 ጀምሮ የጽሕፈት መኪና ያለው ሁሉ ፖሊስ ዘንድ ሄዶ የፊደሉን ናሙና ማስመዝገብ ነበረበት።»

ጋዜጠኛው ግን እጁን አልሰጠም። «ይሄ ቅሬታ ነው እንጂ ግጥም አይደለም። ነቀዙም ሰልፉም ሲያልፍ ግጥሙ ያረጃል።»

መምህሯ ከአራቱ ሌላኛውን አነሳች፤ «የሕፃናት የመስቀል ጦርነት» የሚለውን። አሥር ስንኝ ቢሆን ነው። ገና ያልተወለደ ሕዝብ፣ እንዲወለድ የተፈረደበት፣ በማሕፀን ውስጥ ተሰልፎ ይታያል። መነሻው የ1966ቱ 770ኛው አዋጅ ነው፤ ጽንስ ማቋረጥን የከለከለው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በድብቅ ሲያስወርዱ ሞተዋል። «ይሄስ ያረጃል?» አለችው። እዚህ ላይ መልስ አልነበረውም። ወደ ድመቱ ዞረ።

ድመቱ አርፓጂክ ይባላል። በ1988 ለልጆች በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ ወደ ሰፈር ብቅ ባለ ቁጥር ሕዝቡ ወጥቶ በክብር የሚቀበለው ባለግርማ ድመት ነው። ሰሙ ድመት፣ ወርቁ ማን እንደሆነ ለሩማንያውያን ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። እንደገና ታገደች፤ መጽሐፎቿም ከየቤተ መጻሕፍቱ ተለቀሙ። «ከዚያ ፖለቲካ ውስጥ ገባች» አለ ጋዜጠኛው፣ የያዛት መስሎት።

«ወጣች በል እንጂ» አለች መምህሯ። እውነቷን ነው። በታኅሣሥ 1989 ቻውሼስኩን የጣለው አብዮት ሲፈነዳ፣ ሥልጣኑን የተረከበው የብሔራዊ መድኅን ግንባር ምክር ቤት አባል ተደረገች። ግንባሩ ራሱ ለምርጫ እወዳደራለሁ ሲል ከወር በኋላ ጥላው ወጣች። ሥልጣን እንደዚያ ደጅ መጥቶለት የመለሰ ደራሲ ብዙ የለም።

እንግዲህ የኔን ልበል። ጋዜጠኛው ባንዱ ነገር ልክ ነው፤ እሷ አልታሰረችም። ዝናዋ ጋሻ ሆኗታል፤ ሌሎች ያልነበራቸው ጋሻ። በድመቱም ከሱ ጋር ነኝ። ቻውሼስኩን ለማያውቅ አንባቢ ድመቱ ድመት ነው፤ ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። «ሁሉም ነገር»ን ግን አላነበበውም፤ ስለዚህ ቅሬታ መሰለው። ዝርዝሩ ውስጥ አንድም ስድብ የለም። አንድም «በደል» የሚል ቃል የለም። ሳንሱር ያዡ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ቢቀመጥ የቱን ይሰርዛል? ፖሙን? ትራሙን? ሁሉም ሱቅና መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው። ጥበቧ ያለው አመራረጧና አሰላለፏ ላይ ነው። ይህን ደግሞ እገዳ ለማንም አይሰጥም።

ኋላም ይህንኑ ጥበብ ሲገት ላይ ሠርታበታለች። ሲገት ሰሜን ጫፍ፣ ድንበሩ ሥር ያለች ከተማ ናት። እስር ቤቱ በ50ዎቹ መጀመሪያ የቀድሞ ሚኒስትሮችና ጳጳሳት የታጎሩበት ነው። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዩሊዩ ማኒዩ በ1953 እዚያው ሞቱ። ብላንዲያና ከባሏ ከሮሙሉስ ሩሳን ጋር ሆና በ1993 ቦታው መታሰቢያ ይሁን ብላ ለአውሮፓ ምክር ቤት ሐሳብ አቀረበች፤ በ1997 ሙዚየሙ ተከፈተ። ግቢው ውስጥ ወዳለው የጸሎት ቦታ የሚያወርደው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በየእስር ቤቱ የሞቱ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ስም ተደርድሯል። ስም፣ ስም፣ ስም። ሐተታ የለውም።

ይህን ስል ጋዜጠኛው «ሙዚየም ግጥም አይደለም» አለኝ። አይደለም፤ እሺ። ግን ከእስር ክፍሎቹ አንዱ እዚያ የተሰጠው ለእስር ቤት ግጥም ነው፤ ወረቀትም እርሳስም የሌላቸው እስረኞች በቃላቸው ለያዙት፣ ግድግዳ እያንኳኩ በሞርስ ኮድ ለጎረቤት ላስተላለፉት። ሥራው ለታሪክ ባለሙያዎች ብቻ ቢተው ኖሮ ያ ክፍል መኖሩን እጠራጠራለሁ።