ጉዳዩ፦ የግራ እግር ጫማ ስለማስመለስ

ይድረስ ለክቡር የደሴ ፒያሳ ክዳን አልባ ዲች፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከግራ እግሬ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። በአንቱታ ልጀምር ብዬ ነበር፤ እስከ ጭኔ ድረስ የሚያውቀኝ ግን አንቱ አይባልም።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ፣ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ ጫማዬን ሊስትሮ ዘንድ አስጠርጌ፣ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ስንጎራደድ ነበር። ዘንባባው ተደርድሯል፤ አምፖሉ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ቀይ ይላል። ቀና ብዬ «አማረባት እኮ ከተማችን» ከማለቴ ገባሁልህ። ሽታህን ልተወው። በብብቴ ይዘው ሲጎትቱኝ እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ መጥቶ፣ «አብሽር ጋሼ፣ ትናንት ትራፊክ ፖሊስ ነበር የገባው» አለኝ።

መቅረት ነውር ነውና ሄድን። አባትየው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይዘው «ልጁ ምን ሥራ አለው?» ሲሉ፣ እኔ ባዶ እግሬን ወንበር ሥር እደብቃለሁ። «ሌላ ቀን ተመለሱ» አሉን። ይሄ ወጉ ነው። «ጫማ አድርጋችሁ» ማለታቸው ግን ከወግ ውጭ ነው።

የተኛህበት መንገድ እኮ የትልቅ ሰው ዘር ነው። በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ የተባሉት ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ግብር ያበሉበት ከተማ ነው። (አንተም አይጠየፍ ነህ፤ ፖሊስ አትል ሽማግሌ።) በኅዳር 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ቦምብ ሲያዘንብ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል። ጣሊያን በሚያዝያ ገባ፤ ወደ አስመራ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና ሠርቶ፣ «ፒያሳ» የሚል ቃል ጥሎልን ሄደ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ የመንገዱን ፊት ይኳላል፤ ሆዱን ያየ የለም።

ሰኞ ላመለክት ሄጄ፣ «የእኛ ዘንባባው ነው፤ ዲቹ የሌላ ክፍል ነው» ተባልኩ። ሌላውን ክፍል ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው ስብሰባ ላይ ናቸው።

አሁን ቀልዱ ይቅር። ክረምት ገብቶ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ አስፋልቱን ሲሸፍነው አንተ አትታይም። ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ትምህርት ቤት የሚሄዱት በአንተ ላይ ነው። ለአምፖል የተገኘ ብር ለአንድ የሲሚንቶ ክዳን እንዴት ይጠፋል? የማን ልጅ እስኪገባ ነው የሚጠበቀው?

ጫማዬ ጥቁር ነው፤ ቁጥሩ 42። ቀጠሯችን የፊታችን ቅዳሜ ስለሆነ ከዚያ በፊት እንድትመልስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

ግልባጭ፦
ለቀኝ እግር ጫማዬ