ኔት ሲጠፋ ዝም የማይለው ይሻላል

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ጓደኛዬ ቤት ቡና ተጠራሁ። ቤቱ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። አቦሉን ጠጥተን እንደጨረስን ስልኩን አወጣና ሁለት ፎቶ አሳየኝ። ወንድሙ ለበዓል ከአሜሪካ ሊመጣ ነው። "ከሁለቱ አንዱን ላምጣልህ፣ ምረጥ" ብሎታል። አንደኛው ሶኖስ አምፕ ነው። ሌላው ዊም አምፕ።

ሁለቱም ስትሪሚንግ አምፕሊፋየር የሚባሉት ናቸው። ድሮ ሬዲዮው ለብቻ፣ ቴፑ ለብቻ፣ ማጉያው ለብቻ ነበር። እነዚህ ግን ዋይፋይ ይይዛሉ፣ ሙዚቃውን ራሳቸው ከኢንተርኔት ይስባሉ፣ ራሳቸው ያጎሉታል። ባለቤቱ ሁለት ስፒከር በሽቦ ማገናኘት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ቴሌቪዥኑንም በኤችዲኤምአይ ይቀበላሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ስፋታቸውም ከስንዝር ብዙ አያልፍም።

ወንድምየው "ስም ያለው ዕቃ ይሻልሃል" ብሎ ሶኖሱን መርጦለታል። የጓደኛዬም ልብ ወደዚያው አድልቷል። እውነትም ሲያዩት ያምራል። እኔ ደግሞ ዊሙ ይሻልሃል ብዬ ተከራከርኩ። በረካው ተጠጥቶ ረከቦቱ ተነሣ፣ እኛ ግን አልተግባባንም። ነገሩ የእሱ ብቻ አይመስለኝም። ከውጭ ዘመድ ሲመጣ "ምን ላምጣልህ" ያልተባለ የባሕር ዳር ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐሳቤን እዚህ ልጻፈው።

የእነዚህ ዕቃዎች ግምገማ የሚጻፈው ኢንተርኔት እንደ ቧንቧ ውኃ በሚቆጠርበት አገር ነው። እዚያ ጥያቄው የትኛው ድምፁ ይጠራል፣ የትኛው ብዙ ዋት አለው ነው። ለእኛ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው። ኔት ሲጠፋ ምን ያደርጋል?

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። ስንት የከበደ ነገር በነበረበት ወቅት ስለ ዘፈን ማውራት እንደ ቅንጦት ሊታይ ይችላል። ግን በጊዜ ቤቱ ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ለሚያመሽ ቤተሰብ ቤት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ጋ ያኔ ዘመድ ያመጣልኝ ስማርት ስፒከር ነበር። የማን ምርት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ሁሉ ነገሩ በኢንተርኔት ነው። ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ እንኳ የለውም። ኔት ሲሄድ አንዲት ትንሽ መብራት እያበራ ዝም አለ። መጀመሪያ በየማታው እየነካካሁ አየሁት። ወር ካለፈው በኋላ ነቅዬ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ አቧራ እንዳይጠጣ ብላ ዳንቴል አለበሰችው።

ያን ሰሞን ቤታችንን ያጫወተን የአባቴ ዴክ ነው። ካሴቶቹ የጫማ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ክሩ የላላውን በእርሳስ እያጠነጠንኩ አንድ በአንድ ሰማናቸው። ሽፋናቸው ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ የአባቴ ጽሕፈት አለ። የማን ሰርግ እንደሆነ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የመሰንቆ ተጫዋቹ ስም። አንደኛው ካሴት ላይ መሰንቆው ከመጀመሩ በፊት ሰው ሲስል ይሰማል። ቀጥሎ አያቴ "ኧረ ዝም በሉ፣ እየቀዳ ነው!" ትላለች። እናቴ ይቺን ቦታ ሦስት ጊዜ አስመለሰችኝ። አያቴ ካረፈች ቆይታለች። ይህ ድምፅ የትኛውም አፕ ላይ ተፈልጎ አይገኝም።

ስለዚህ የማንኛውንም አምፕ ፎቶ ሳይ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። ቀይና ነጭ ገመድ የሚሰካበት መግቢያ አለው ወይ? እዚህ ላይ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ ሁለቱም አላቸው። ዴኩን ሰክቶ ማዳመጥ በሁለቱም ይቻላል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዊም አምፕ ፍላሽ የሚሰካበት ዩኤስቢ አለው። ሶኖስ አምፕ የለውም። ዊም ብሉቱዝ አለው። ሶኖስ አምፕ ብሉቱዝም የለውም። ይህን ለጓደኛዬ ስነግረው አላመነኝም። በዚህ ዋጋ ብሉቱዝ የሌለው ዕቃ እንዴት ይኖራል አለ። ግን እንደዚያ ነው። ድርጅቱ ሙዚቃ በዋይፋይ ብቻ ይሂድ ብሎ አስቦ የሠራው ነው። አስተሳሰቡ በራሱ መጥፎ አይደለም፣ ዋይፋይ ከብሉቱዝ የተሻለ ጥራት ያስተላልፋል። የማያቋርጥ ዋይፋይ ካለ።

እስቲ እዚህ ከተማ ሰው ዘፈን ከየት እንደሚያገኝ እንይ። አንድም ከዩቲዩብ ነው፣ አንድም ከቴሌግራም። አዲስ ነጠላ ዜማ ሲወጣ ቴሌግራም ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። ባጃጅ ውስጥ የምንሰማው እሱኑ ነው። መዝሙሩም ስብከቱም እንዲሁ። ዩቲዩብ የሚያይ ሰው ደግሞ ስልኩ ላይ ያለውን ድምፅ ወደ ስፒከሩ መላክ ይፈልጋል። ሶኖስ ለአይፎን ኤርፕሌይ 2 አለው፣ ባለ አይፎን አይቸገርም። የጓደኛዬ ቤት ግን አራት ስልክ ነው ያለው። አራቱም አንድሮይድ ናቸው። ከእነዚያ ስልኮች ተራውን ዩቲዩብ ወደ ሶኖስ አምፕ ለመላክ ያለው መንገድ ገመድ ነው። ዊሙ ግን ብሉቱዙን ይቀበላል።

ሪሞቱን ደግሞ አትርሱብኝ። ዊም አምፕ ከነሪሞቱ ነው የሚመጣው። ሶኖሱ ሪሞት አብሮት አይመጣም፣ በአፕ ወይም ፊቱን በመንካት ነው የሚታዘዘው። ለወጣት ይህ ምንም አይደለም። የጓደኛዬ እናት ግን ጠዋት መዝሙር የሚከፍቱት ራሳቸው ናቸው። ልጆቹ ሥራ ሲሄዱ አፕ ማን ይከፍትላቸዋል? ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው እጃቸው ላይ ቢሆን ነው ደስ የሚለኝ።

የአፕን ነገር ካነሣን፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሶኖስ አፑን ከሥሩ ቀይሮ አውጥቶ ነበር። ማንቂያ ደወል ማስተካከልን የመሰሉ ቀድሞ የነበሩ ነገሮች ሳይኖሩት ነው የወጣው። ደንበኛው ክፉኛ ተቆጣ። ሐምሌ ላይ ሥራ አስፈጻሚው ፓትሪክ ስፔንስ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከኃላፊነቱ ለቀቀ። አፑ ከዚያ ወዲህ ተጠግኗል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቤትህ የተቀመጠው ዕቃ ሳይነካ፣ ሌላ አገር የተለወጠ አፕ አጠቃቀምህን ሊለውጥብህ ይችላል። ሶኖስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠምም ኢንተርኔት የግድ ይላል። ዊምም የሚታዘዘው በአፕ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ፍላሽ ላይ ያለውን ዘፈን የምትመርጠው በስልክህ ስለሆነ ራውተሩ መሥራት አለበት፣ ከራውተሩ ወዲያ ኢንተርኔት ባይኖርም። ግን አፑ ቢያስቸግር ሪሞቱና ብሉቱዙ ይቀራሉ። ሁለተኛ በር አለው ማለት ነው።

ጓደኛዬ አንድ ጠንካራ መከራከሪያ ነበረው። ዋት። ሶኖስ አምፕ በ8 ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ስፒከር በእያንዳንዱ ጎን 125 ዋት ይሰጣል። ዊም አምፕ 60 ዋት ነው። "ክረምት ሲገባ ይህ ቆርቆሮ ምን እንደሚል ታውቀዋለህ" አለኝ። አውቃለሁ። የባሕር ዳር ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለው ሰው የሚያወራው አይሰማም። ታዲያ እጥፍ ዋት እጥፍ ድምፅ ይሆናል ብሎ ነው ያሰበው።

አይሆንም። ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ይህን ጆሮ ለይቶ ይሰማዋል፣ ግን ትንሽ ነው። ጆሮ "አሁን እጥፍ ሆነ" እንዲል ወደ 10 ዴሲቤል ይፈልጋል። ይህ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው። ሳሎን ውስጥ በመደበኛ ድምፅ ስንሰማ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቀመው ጥቂት ዋት ነው። ዝናቡን ለማሸነፍ ሌላ ዘዴ አለ። ስፒከሮቹን ወደ ሶፋው አቅርባቸው። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ገላጣ ሜዳ ላይ 6 ዴሲቤል ይገኛል፣ ሳሎን ውስጥ ከዚያ ያንሳል፣ ግን ወጪ የለውም። ሁለት ሶፋ መግፋት ብቻ ነው።

ዋጋውም ቀላል ነገር አይደለም። ገበያ ላይ ሲወጡ ሶኖስ አምፕ 599 ዶላር፣ ዊም አምፕ 299 ዶላር ነበሩ። ልዩነቱ 300 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። 300 ዶላር ዛሬ ከ30,000 ብር በላይ ነው። ወንድምየው ነው የሚከፍለው ይባል ይሆናል። የወንድም ገንዘብም ገንዘብ ነው፣ እዚያ በሌሊት ፈረቃ የሚገኝ ነው። በዚያ ልዩነት የተሻለ ስፒከር ይገዛል። የሳሎኑ ወለል ሴራሚክ ነው፣ ግድግዳው ባዶ ነው፣ ድምፁ እንደ ባዶ አዳራሽ ያስተጋባል። ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ እዚያ ቤት ውስጥ ከማንኛውም አምፕ የበለጠ ለውጥ ያመጣሉ። ዊም በተጨማሪ በስልክ ማይክ ክፍሉን ለክቶ ድምፁን የሚያስተካክልበት መንገድ አፑ ውስጥ አለው። ለድሮ ቅጂዎች ጎርናናውንና ቀጭኑን ድምፅ በዝርዝር ማስተካከልም ይቻላል። አሮጌ ካሴት ሲሻክር ይህ በጣም ይረዳል።

ሶኖስን ግን አላጣጥለውም። ቤቱ በሙሉ ባለ አይፎን ከሆነ፣ የማይቆራረጥ የፋይበር መስመር ካለ፣ በየክፍሉ ስፒከር ዘርግቶ አንድ ላይ ማጫወት የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ሶኖስ በዚህ የተካነ ነው። ዊምን የሚያስመጣም ስሙን በደንብ ያጣራ። ዊም አምፕ እና ዊም አምፕ ፕሮ ይለያያሉ። ፕሮው ኤርፕሌይ የለውም።

የቀረው መብራት ነው። ከጣና እየወጣ ወደ በለስ የሚወርደው ውኃ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት አቅም ያለውን ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። እዚሁ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን መብራት ሲሄድና ሲመለስ ማየት ሁሌም ያሳዝነኛል። ዕቃ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ መብራቱ ሲሄድ አይደለም፣ ሲመጣ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ማንኛውም ዕቃ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩ መታየት አለበት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እኛ 220 ላይ መሰካት አይቻልም። ዲቫይደር ደግሞ ሶኬት ያበዛል እንጂ ከኃይል መዋዠቅ አይከላከልም። ስታቢላይዘር ይገዛ። መብራት ሲሄድ አምፑ ከሶኬት ይነቀል፣ ሲመለስም ረጋ እስኪል ይጠበቅ።

ትናንት ማታ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ለወንድሙ ዊሙን ጽፎለታል። አሥር ሜትር የስፒከር ሽቦና ቀይና ነጭ ገመድ ጨምርበት አልኩት። የእነሱም አባት ዴክ ነበራቸው። ከአልጋ ሥር አውጥተው አቧራውን ጠራርገውታል፣ ግን ካሴቱ አይዞርም አለኝ። ላስቲኩ ይሆናል፣ ዕድሜ ሲበዛው ይረዝማል ወይም ይቀልጣል። ግሽ ዓባይ በኩል ቴፕ የሚሠሩ አንድ ሰውዬ አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት አብረን ልንወስደው ነው።