የወገንን ሬሳ ብቻ ለምን እንቆጥራለን?

ወገኖቼ ሆይ፣ በአገር ቤት ሰልፍ የወጣ ሰው በጥይት በተመታ ቁጥር በዋሽንግተንና በጄኔቫ ደጃፎች ብርድ ላይ የቆምነው እኛው ነንና፣ ራሴን ጨምሬ ብገሥጻችሁ አትቀየሙኝ። ጩኸታችን ሰሚ ያጣው የፈረንጅ ጆሮ ስለደነቆረ ብቻ አይደለም፤ ሟችን በዘር እየለየን፣ ያላየነውንም እያጋነንን፣ ምስክርነታችንን በገዛ እጃችን ስላረከስነው ጭምር ነው።

አንድ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር አቤቱታ ይዘን ወደ አንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ገባን። ካርቶን ላይ የለጠፍነውን የቆሰለ ወጣት ፎቶ ያየችው ረዳት፣ የት እንደተነሳ፣ መቼና በማን እንደተነሳ በትሕትና ጠየቀችን። እርስ በርስ ተያየን። ከፌስቡክ ያወረድነው ነበር፤ በኋላ ሲጣራ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ተገኘ። (ካርቶኑ እስከ ዛሬ ምድር ቤቴ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ መጣሉን አልደፈርኩም።)

ማስረጃ ምን እንደሚመስል ግን ጠፍቶን አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የደረሰውን ግድያ እንዲያጣራ ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ሲያረጋግጥና ድምዳሜውን እንዲለውጥ ጫና ሲበረታበት፣ ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ምክትላቸው ወልደሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ወጥተው እውነቱን ይፋ አደረጉ። የተገደሉትን ስድስት ፖሊሶችም አልዘለሏቸውም። ማንም በቀላሉ ሊያጣጥለው ያልቻለው በዚህ ነው።

እኛስ? ነሐሴ 15 ቀን 2008 ፈይሳ ሌሊሳ ሪዮ ላይ ማራቶኑን ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ክንዶቹን ከራሱ በላይ በኦሮሞ ተቃውሞ ምልክት አጣምሮ ዓለምን ሲያነጋግር፣ ከማጨብጨባችን በፊት የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቅን ስንቶች ነን? መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ፣ በኢሬቻ በዓል፣ በአስለቃሽ ጭስ የተደናገጠው ሕዝብ ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ ሲያልቅ መንግሥት 55 ሰው ሞተ አለ፤ እኛ ደግሞ «ይሄ የእነሱ ሰልፍ ነው» ብለን ቤታችን ተቀመጥን። ሚያዝያ 2 ቀን 2010 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀውን ኤችአር 128 የተባለ የውሳኔ ሐሳብ ሲያጸድቅ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን ከያዙ ስምንት ቀናቸው ነበርና፣ ሥራው ያለቀ መስሎን ባነሩን ጠቅልለን አስቀመጥን።

እንግዲህ ዳግም የምትወጡ ከሆነ የሟቹን ስም፣ ቀኑንና ሰፈሩን አረጋግጣችሁ ውጡ፤ የማትወዱት ሰፈር ሟችም በዚያው ዝርዝር ይግባ። ትናንት ዓለም አቀፍ አጣሪ ይላክልን ስትሉ ከርማችሁ፣ የምትደግፉት ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ያንኑ አጣሪ «የውስጥ ጉዳያችን ጣልቃ ገብ» የምትሉትን ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ያን ሁሉ ክረምት በረዶ ላይ ቆመን የለመንነው ምን ነበር?