የሄይቲ ቤተ መንግሥት ይሠራ፤ ግን በሄይቲያውያን እጅ

ሄይቲን አብዛኞቻችን ያወቅናት በአንድ ፎቶ ነው። ነጭ ሰፊ ቤተ መንግሥት፤ መካከለኛው ጉልላቱ ዘሞ የወደቀ፣ ላይኛው ፎቅ ታችኛው ላይ የተደረመሰ። ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ነበር (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ለ11 ሰዓት ሰባት ደቂቃ ሲቀር መጠኑ 7.0 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ዋና ከተማዋን ፖርቶፕሪንስን መታት። ፕሬዚዳንት ሬኔ ፕሬቫል ያኔ ውስጥ አልነበሩም፤ ተረፉ።

ያ ሕንጻ ከዚያ ቀን በፊት ምን እንደነበር ግን ብዙ አይነገርም።

ቦታው ላይ ቤተ መንግሥት ሲፈርስ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1869 በፕሬዚዳንት ሲልቫን ሳልናቭ ላይ የተነሱ አማፂዎች የራሱን የጦር መርከብ ማርከው፣ በዚያው መርከብ ቤተ መንግሥቱን ደበደቡት። በኋላ ሌላ ተሠራ። እሱም በኦገስት 1912 አንድ ሌሊት ፈነዳ። እዚያው የተከማቸ ባሩድ ነበር። ፕሬዚዳንት ሲንሲናተስ ለኮንት እዚያው ሞቱ፤ ብዙ ወታደሮችም አብረዋቸው አለቁ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። መሪው የሚተኛበትን ቤት መሣሪያ ማከማቻ ያደረገው ሕዝቡን መፍራቱ ነው። ያው መሣሪያ ደግሞ መጨረሻው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ደስ ይላል። ለአዲሱ ቤተ መንግሥት የንድፍ ውድድር ወጣ። ያሸነፈው ዦርዥ ቦሳን ነው። ሄይቲያዊ ነው፤ ፓሪስ ተምሮ የተመለሰ። ፊት ለፊቱን በዓምዶች የያዘ፣ ሦስት ጉልላት ያለው፣ ነጭ ኒዮክላሲካል (የጥንት ግሪክና ሮምን አሠራር የተከተለ) ሕንጻ ነደፈ። በእኔ እምነት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ባሪያ የነበረ ሕዝብ ፈረንሳውያን ጌቶቹን አሸንፎ በ1804 ነጻ ወጣ። የልጅ ልጆቹ ደግሞ የጌቶቹን የሥነ ሕንጻ ቋንቋ ወስደው፣ በራሳቸው ልጅ እጅ የራሳቸውን የመንግሥት ቤት ነደፉበት። ኩረጃ አልለውም። ይገባናል ማለታቸው ነው።

ሥራው ግን በእነሱ እጅ አላለቀም። በ1915 የፕሬዚዳንት ጊዮም ሳም መንግሥት ከመቶ በላይ የፖለቲካ እስረኞችን ፈጀ። የተቆጣ ሕዝብ ፕሬዚዳንቱን ከተደበቁበት ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት) ጎትቶ አውጥቶ ገደላቸው። ወዲያው የአሜሪካ ባሕር ኃይል አገሪቱን ያዘ። ቤተ መንግሥቱ በ1920 ሲጠናቀቅ ሄይቲ በወረራ ሥር ነበረች። አሜሪካኖቹ የወጡት በ1934 ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ጣሊያን ኢትዮጵያን ወረረ። በመንግሥታቱ ማኅበር የሄይቲው ተወካይ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነስተው፣ ትልቅም ሆንን ትንሽ አንድ ቀን እኛም የሌላው ኢትዮጵያ ልንሆን እንደምንችል አንርሳ ብለው ነበር። አገራቸው ወረራውን ካራገፈች ገና ዓመት ከጥቂት ወራት ነው። እኔ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ ስለ ፖርቶፕሪንስ የምጽፈው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ውለታ አለብን።

የመፍረሱም ነገር ቅር ያሰኛል። በ2012 ፍርስራሹን ያነሳው የሆሊውዱ ተዋናይ ሾን ፔን ያቋቋመው የእርዳታ ድርጅት ነው። ክፋት አላይበትም፤ በዚያ ሰዓት የረዳ ሁሉ ይመስገን። ግን አስቡት፤ ሄይቲያዊ የነደፈው ቤት በወረራ ጊዜ ተጨርሶ፣ በባዕድ ድርጅት ፈረሰ።

በጃንዋሪ 2018 ፕሬዚዳንት ዦቭኔል ሞይዝ መልሶ ለመገንባት የመሠረት ድንጋይ አኖሩ። በ2021 በገዛ ቤታቸው ተገደሉ። ዛሬ ዋና ከተማዋ በታጣቂ ቡድኖች ተወጥራለች።

«ሰው መጠለያ አጥቶ ቤተ መንግሥት ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ በ2010 ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ሻን ደ ማርስ አደባባይ ላይ በድንኳን ያደሩትን ሰዎች ማን ይረሳል? መኖሪያ ቤት ይቅደም። ከዚያ በኋላ ግን ይሠራ። የቦሳንን መልክ ይዞ፣ መንቀጥቀጥን በሚቋቋም አርማታ፣ በሄይቲያውያን መሐንዲሶችና ግንበኞች። ምድር ቤቱ ውስጥ መሣሪያ አይግባ። ግማሹ ለሕዝብ ይከፈት፤ ልጆች ገብተው የለኮንትን ታሪክ ይስሙበት።

ከባዶው ግቢ ፊት ለፊት የ«ኔግ ማሮን» ሐውልት አለ። ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው፤ እግሩ ላይ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ በአንድ እጁ ቆንጨራ፣ በሌላው ትልቅ የባሕር ዛጎል ይዞ እንደ መለከት ይነፋል። የመሬት መንቀጥቀጡ አልጣለውም።